ፀዳለ ያሟሸቻቸው ቀለበቶች

ፀዳለ በአርባ ሦስት ዓመት ዕድሜዋ አንድም ቀን አጥፍታ አታውቅም። ይህን የምትናገረው ራሷ ናት፤ ሌላ ምስክር አልተገኘም። ወጥ ካረረ እሳቱ ነው። ብርጭቆ ከእጇ ካመለጠ ብርጭቆው ከመጀመሪያውም ተንሸራታች ነበር። ታክሲ ውስጥ የሰው እግር ከረገጠች፣ እግርህን እንዲህ ዘርግተህ እኔ የት ልቁም ትለዋለች፤ ሰውየውም ይቅርታ ጠይቆ እግሩን ይሰበስባል። ባሏ ዋቅጅራ ላምበረት ላይ ጎሚስታ ነው። ከነጋ እስኪመሽ የመኪና ጎማ ሲለጥፍ ይውላል። ከእሷ ጋር በኖረባቸው ሃያ ዓመታት አንድ ትልቅ ነገር ተምሯል፤ ቤት ውስጥ የተበላሸ ነገር ሲያይ «ማን ነው?» ብሎ አይጠይቅም።

ይህ ጠባይ ሌላ ሰው ላይ ቢሆን ያስመርር ነበር። ፀዳለ ላይ የሚቻለው ባለሙያ ስለሆነች ነው። የምትሠራው ከኮተቤ መንገድ ወደ እንጦጦ ሽቅብ በሚወጣው ኮረኮንች መጨረሻ፣ አቶ ተክለጻድቅ የባሕር ዛፍ ዘይት በሚያወጡበት ግቢ ውስጥ ነው። አቶ ተክለጻድቅ ጡረታ የወጡ ፋርማሲስት ናቸው። መንግሥት ተለውጦ የግል ሥራ ሲፈቀድ፣ እኩዮቻቸው በረንዳ ላይ ፀሐይ ሲሞቁ እሳቸው በርሜል ገዙ። ከተራራው የሚወርደውን ቅጠል በበርሜል ያፈላሉ፣ እንፋሎቱን ያቀዘቅዛሉ፣ ከላይ የሚንሳፈፈውን ዘይት ይቀዳሉ። ሠራተኞቻቸው በጠቅላላው ስድስት ናቸው። ፀዳለ እቃ አጣቢ ናት። እሷ ያጠበችው ጠርሙስ ውስጥ ቆሻሻው ቀርቶ ጠርሙሱም ያለ አይመስልም። ሽታው ልብሷ ውስጥ ስለገባ፣ ማታ ታክሲ ውስጥ ስትገባ ጉንፋን የያዘው ሁሉ አፍንጫው ይከፈታል።

ግቢው ውስጥ የሁሉም ዓይን ያለባት ግን ቀጭኔ ናት። ቀጭኔ ሁለት ሰው ቢደራረብ የሚያህል ቁመት ያላት ወፍራም የመስታወት ቧንቧ ናት፤ ስሙን ያወጣችላት ፀዳለ ነች። ሆዷ የአውራ ጣት ጫፍ በሚያህሉ የሸክላ ቀለበቶች ይሞላል። ሶዳ የተበጠበጠበት ውሃ ከላይ ገብቶ በቀለበቶቹ መሐል ቀስ እያለ ይወርዳል። ጥሬው ዘይት ደግሞ ከታች፣ ወንፊት በመሰለ ሳህን በኩል ይገባና፣ ከውሃ ስለሚቀል ጠብታ ጠብታ እየሆነ ሽቅብ ይወጣል። ሲወጣ ያንን ጉሮሮ የሚፍቅ ኮምጣጣ ነገሩን ለውሃው ያስረክባል። ላይ ሲደርስ ሕፃን ቢያሸተው የማያስነጥሰው ዘይት ይሆናል። የቀለበቶቹ ሥራ መንገዱን ማጠማዘዝ ነው፤ ጠብታው ቶሎ እንዳያመልጥ፣ እየዞረ እየተጋጨ ውሃው ውስጥ እንዲቆይ።

የቀጭኔ ጌታ ገመዳ ነው፤ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣ ሦስት ዓመት ያልሞላው ኬሚስት። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ምሳውን የሚረሳ ልጅ ነው። ፀዳለ እንደ ታናሽ ወንድሟ ታየዋለች፤ ማለትም ቀኑን ሙሉ ትቆጣዋለች። እሱም «እሺ እትዬ ፀዳለ» እያለ የምታቀርብለትን ይበላል።

በ1993 ጥቅምት ላይ ጥሩ ወሬ መጣ። የጉንፋን ቅባት የሚሠራ አንድ ድርጅት ዘይቱን ከውጭ ማስመጣት ሰልችቶት ነበርና፣ ሄለን የምትባል የጥራት ተቆጣጣሪውን ላከ። ሄለን ጠርሙሱን ከፍታ አሸተተች፤ አሳላት። ከዚያ በኋላ የተናገረችው አጭር ነበር። የሚያስለው ነገር ከወጣለት በየወሩ እንገዛችኋለን፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ ዓርብ ቀን መጥቼ አያለሁ አለች። አቶ ተክለጻድቅም ሠራተኞቻቸውን ሰብስበው እውነቱን ነገሯቸው። ይህ ገበያ ካመለጠ ግቢው ገናን አይደርስም።

ችግሩ የቀጭኔ ሆድ ባዶ ሊሆን ምንም አልቀረውም ነበር። ከውጭ የመጡት ቀለበቶች በየዓመቱ ሲታጠቡ ግማሽ በግማሽ ተሰባብረዋል። ማን ሲያጥባቸው እንደነበር አንጠይቅም፤ ከዋቅጅራ ተምረናል። እንደገና ማስመጣት ወራት ይፈጃል። ገመዳ ታዲያ፣ እዚሁ እንጦጦ ሥር ያለችው ሸክላ ሠሪ ትሥራልን አለ። አቶ ተክለጻድቅ ሳቁ፤ ኬሚስትሪ በማድጋ ሲሠራ አላየሁም አሉት። ገመዳ ግን ሸክላ ሸክላ ነው፣ ኃላፊነቱን እኔ እወስዳለሁ ብሎ ድርቅ አለ። ዝምተኛ ሰው አንዴ ከደረቀ ደግሞ የሚመልሰው የለም። ሸክላ ሠሪዋ ስምንት መቶ ቀለበት ጠፍጥፋ ተኩሳ በጆንያ ላከች።

ገመዳ ጥሩ ሶዳ ፍለጋ ሁለት ቀን ከተማ ሲዞር፣ ቀለበቶቹን አጥባ ቀጭኔ ውስጥ እንድትሞላ ለፀዳለ አደራ ሰጣት። ከእቃ አጠባ ያለፈ ሥራ ሲሰጣት የመጀመሪያዋ ነው። ልቧ ሞቀ። እጅጌዋን ሰበሰበች፣ አጠበች፣ ፀሐይ ላይ አሰጣች፤ ከዚያም ወገቧን ይዛ አሰበች።

አዲስ ሸክላ ሳይሟሽ ሥራ ላይ አይውልም። ይህን የማያውቅ ሰው ካለ ዩኒቨርሲቲ የገባ ወንድ ነው። ምጣድ ሲገዛ፣ ድስት ሲገዛ፣ መጀመሪያ እሳት ላይ ይሞቃል፤ የተወቀጠ ጎመን ዘር በጨርቅ ተይዞ ዘይቱ እስኪጠጣ ድረስ ይታሻል፤ ጠቆር ብሎ ሲያብለጨልጭ ያኔ ሸክላ ሆነ ይባላል። ያልተሟሸ ሸክላ ይስባል፣ ይይዛል፣ ባለቤቱን ያዋርዳል። ፀዳለ ይህን ያህል ትልቅ አደራ ተቀብላ ጥሬ ሸክላ ቀጭኔ ውስጥ ብትከት ምን ትባል ነበር?

ጎመን ዘሩን ከቤቷ አመጣች። ከሰል አያያዘች፣ ቀለበቶቹን በትልቅ ብረት ምጣድ እያሞቀች አንድ በአንድ፣ ውጪያቸውንም ውስጣቸውንም አሸቻቸው። ስምንት መቶ! ጣቶቿ ተላጡ፣ ወገቧ ተቆረጠ። በሁለተኛው ቀን ማታ ቀለበቶቹ ሊስትሮ እንደጠረገው ጫማ አበሩ። ለማንም አልተናገረችም፤ ሙያ በልብ ነው። ገመዳ ሲመለስ ቀጭኔ ሞልታ ጠበቀችው። በመስታወቱ እያየ፣ ሸክላ ሠሪዋ እንዴት አሳምራ ተኩሳዋለች አለ። ፀዳለን ትንሽ ከፋት፤ ምስጋናዋን ሌላ ሰው ወሰደባት። ቢሆንም ዝም አለች።

ቅዳሜ ጠዋት ውሃው ተለቀቀ፣ ዘይቱ ተከፈተ። ዘይቱ ከወንፊቱ ሲወጣ ጠብታ ነበር። የመጀመሪያዎቹን ቀለበቶች እንደነካ ግን ጠብታነቱን ተወ። ተለጠፈ፤ ሌላው ጠብታ መጥቶ ተደረበበት፤ ተያይዘው አንድ ወፍራም ክር ሆኑና የቀለበቶቹን ጀርባ ይዘው ሽቅብ ሽው አሉ። ላይ የተቀዳውን ገመዳ አሸተተ። አሳለው።

ውሃውን ቀነሰ፣ ጨመረ። ሶዳውን አበረታ። ዘይቱን አቀጠነ። እሑድን ሳያርፍ፣ ሰኞን ምሳ ሳይበላ ዋለ፤ ፀዳለ ተቆጣች፤ እሱ አልሰማም። ዘይቱ ያው ክር፣ ሽታው ያው ሳል። ሰኞ ከሰዓት አቶ ተክለጻድቅ ቢሮ ጠርተው ብዙ አነጋገሩት። በሩ ቀጭን ስለሆነ ፀዳለ ሁሉንም ሰማች፤ ጥፋቱ የበሩ ነው። እስከ ረቡዕ ጠዋት ካልተስተካከለ የስንብት ደብዳቤውን ይቀበላል፤ ኃላፊነቱን እወስዳለሁ ያለው ራሱ ነውና። ደብዳቤው ላይ ምን እንደሚጻፍም ነገሩት፤ ባልተፈተነ ዕቃ ድርጅቱን ለኪሳራ የዳረገ። ይህን ይዞ ደግሞ የትም ሥራ አያገኝም።

ፀዳለ ሸክላ ሠሪዋን ረገመቻት። ሙያ ቢስ፣ አለች በልቧ፣ የሰው ልጅ እንጀራ ዘጋች።

ማክሰኞ ጠዋት ማጠቢያው ጋ ቆማ ሳለ መስኮቱ ደፍ ላይ ሁለት ቀለበቶች አየች። አንዱ ከቀጭኔ የተረፈ፣ የተሟሸ ነው። ሌላው ጆንያው ሥር ተረስቶ የተገኘ፣ ቀይ፣ ጥሬ ሸክላ። ከእጇ ውሃ ተንጠባጠበባቸው። ቀዩ ውሃውን ወዲያው ጠጣው፤ ቀላ ብሎ ራሰ። ጥቁሩ ላይ ያረፈው ጠብታ ግን ጎመን ቅጠል ላይ እንዳለ ውሃ ድብልብል ብሎ ቆመ፣ ተንከባለለና ወደቀ። እንደገና አደረገችው። እንደገና ተንከባለለ። ከዚያ ጣቷን ዘይት ነክራ ጥቁሩን ነካችው። ዘይቱ ማንም ሳይጋብዘው ቤቱ ገባ፤ ተንጣለለ፣ ለጥ አለ።

ፀዳለ እጇን አደራረቀች። ሁለቱንም ቀለበቶች ኪሷ ከተተች።

ምሳ ሰዓት ላይ ለዋቅጅራ ምግብ ይዛ ላምበረት ወረደች። ዋቅጅራ አንድ ካላማዳሪያ፣ የጎማውን ውስጠኛ ላስቲክ፣ ይዞ ይነጫነጫል፤ የሹፌሩ ረዳት በዘይት እጁ ነካክቶበት ልጣፉ ሁለት ጊዜ ተላቀቀበት። ፀዳለ ከጎኑ ተቀመጠችና፣ እንዲያው ለወሬ ያህል አስመስላ፣ ለምን እንደማይዝለት ጠየቀችው።

«ዘይት የቀመሰ ነገር ከዘይት በቀር ማንንም አያስጠጋም» አላት ዋቅጅራ።

ምግቡን እስኪጨርስ አንድም ቃል አልተነፈሰችም። ዋቅጅራ ፈራ፤ ታመምሽ ወይ ብሎ ግንባሯን ዳሰሰ።

ከላምበረት ወደ ኮተቤ ስትመለስ ታክሲ ውስጥ ከራሷ ጋር ተሟገተች። ያሟሸች መሆኗን ከእሷና ከእግዜር በቀር የሚያውቅ የለም። ዝም አይነቅዝም። ከተናገረች አቶ ተክለጻድቅ ስድስት ዓመት የሠራችበትን በር ያሳዩዋታል፤ ካልተናገረች ደብዳቤውን ይዞ የሚወጣው ያ ምሳውን የሚረሳ ልጅ ነው። ደግሞስ ምን አጠፋች? ሙያዋን ነው የሠራችው። ጥፋቱ የጎመን ዘሩ ነው። ጥፋቱ ሸክላ ለማያውቅ ሰው ሸክላ ያሸከመው ነው። ጥፋቱ... እዚህ ላይ ሰው እግሯን ረገጣትና ይቅርታ ጠየቃት። ፀዳለ ሰውየውን ትክ ብላ አየችው። እንዲህ በቀላሉ ይባላል እንዴ?

ረቡዕ ጠዋት አቶ ተክለጻድቅ ቀጭኔ አጠገብ ቆመው ነበር፤ ፖስታው በእጃቸው ነው። ገመዳ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ይጠርጋል፣ ይጠርጋል፤ መነጽሩ ግን ከጸዳ ቆይቷል። ሌሎቹ ሠራተኞች በርሜል ፍለጋ የሄዱ መስለው በየጥጋቱ ቆመዋል። ፀዳለ መሐላቸው ገባች። በአንድ መዳፏ ቀዩን፣ በሌላው ጥቁሩን ቀለበት ይዛለች።

«ጋሼ፣ ያን ወረቀት ለእሱ አይስጡት። ቀለበቶቹን በጎመን ዘር ያሟሸኋቸው እኔ ነኝ» አለች። ከዚያም ከጉሮሮዋ እንደ ዓሣ አጥንት አወጣችው፤ «አጥፍቻለሁ።»

አቶ ተክለጻድቅ ማሟሸት ከኬሚስትሪ ጋር ምን እንዳገናኘው ስላልገባቸው አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። ፀዳለ ሁለቱን ቀለበቶች ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችና ከጠርሙስ ውሃ ጠብ አደረገችባቸው። ቀዩ ጠጣ። ጥቁሩ አንከባለለ።

ገመዳ መነጽሩን አደረገ። ጎንበስ አለ። አራት ቀን ሙሉ ያልታየ ፈገግታ ፊቱ ላይ ቀስ እያለ መጣ። ለአቶ ተክለጻድቅም አስረዳቸው። ሸክላው ውሃ የጠገበ እንደሆነ ዘይቱን አያስጠጋውም፤ ጠብታው ጠብታ እንደሆነ፣ ዙሪያውን በውሃ እየታጠበ ይወጣል። ሸክላው ዘይት የጠገበ እንደሆነ ግን ጠብታው ሁሉ ዘመዱ ቤት እንደገባ ተንጣልሎ ይተኛበታል፣ ይያያዛል፣ ክር ሆኖ ያልፋል፤ ውሃው የሚያገኘው ቆዳውን ብቻ ነው፣ ሆዱ ሳይታጠብ ይቀራል። ቀለበቱ ያው፣ ቅርጹ ያው፤ የተለወጠው ቆዳው የሚወደው ነገር ነው።

አቶ ተክለጻድቅ ፖስታውን ኪሳቸው ከተቱት፤ አልቀደዱትም። ለማን ሊሰጡት እንዳሰቡ ግልጽ ነበርና ፀዳለ ሳትጠየቅ ቀጠለች። እሳት የበዛበት ምጣድ መሟሸቱን ይረሳል፤ ነጥቶ፣ እንጀራውን ይዞ አልለቅም ይላል። ቀለበቶቹም ወደ ሸክላ ሠሪዋ ተመልሰው እንደገና ይተኮሱ፣ ዘይቱ ይቃጠልላቸዋል፤ እኔ ራሴ ተሸክሜ እወጣለሁ አለች። ገመዳ ራሱን ነቀነቀ። ልክ ናት አለ።

ቀለበቶቹ ተራግፈው በጆንያ ገቡ። ፀዳለና ገመዳ ጆንያውን እየተቀባበሉ ሽቅብ ወጡ። ሸክላ ሠሪዋ ነገሩን ስትሰማ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት፤ ፀዳለም በልቧ የረገመቻትን እርግማን መለሰች። ቅጠልና ኩበት ተደርድሮ እሳቱ ተለኮሰ። ሐሙስ ማለዳ ቀለበቶቹ እንደ ተወለዱ ቀይ ሆነው ወረዱ። ገመዳ በዚህ ጊዜ ከከተማ ሶዳ አልፈለገም፤ ከአጠገባቸው ሳይነቃነቅ፣ መጀመሪያ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፎ፣ ጠጥተው ጠጥተው አረፋ መተንፈስ እስኪያቆሙ ጠበቀ። ዘይት የተከፈተው ከዚያ በኋላ ነው።

ጠብታዎቹ ወጡ። አልተለጠፉም። ቀለበቱን ገጨት አድርገው፣ ተሰብረው፣ ሁለት ሆነው፣ ዞረው፣ እንደ ትምህርት ቤት ልጆች እየተጋፉ ሽቅብ። ፀዳለ አንገቷ እስኪያማት ቀና ብላ አየች። አሁን ማን ይሙት፣ ያምራሉ።

ላይ ሲደርሱ ግን አዲስ ጣጣ ተፈጠረ። ጠብታዎቹ አንድ ላይ ተሰበሰቡ እንጂ አልተዋሐዱም። እንደ ሳሙና አረፋ ተደራርበው ቆሙና፣ የሚቀዳው ዘይት ውሃ የተቀላቀለበት ደፍራሳ ሆነ። ሽታው ጥሩ ነው፤ መልኩ ግን ማንም የማይገዛው። ሄለን የምትመጣው በማግሥቱ ነው። ገመዳ አረፋውን አየና ድንገት ወደ ፀዳለ ዞረ።

«እትዬ ፀዳለ፣ ሁሉንም አቃጠልሻቸው? ከተሟሹት አንድም የተረፈ የለም?»

ፀዳለ ፊቷ ጋለ። እውነቱን ለመናገር፣ ረቡዕ ዕለት ቀለበቶቹ ሲራገፉ በጣም ያማሩትን መርጣ አንድ ድስት ሙሉ አስቀርታ ማጠቢያው ሥር ደብቃ ነበር። ሁለት ቀን የታሸ ሙያዋ ነው፤ እሳት እንዲበላው አንጀቷ አልቻለም። ጥፋትን ማመን በአንድ ሳምንት ሁለተኛዋ ሊሆን ነው። ይበዛል፣ ለሰውም ለከብትም ይበዛል። ሆኖም ሄዳ ድስቱን አምጥታ ፊቱ አስቀመጠች።

«ደብቄ ነው። እነዚህንም አጥፍቻለሁ» አለች።

ገመዳ ግን እንደ እብድ እየሳቀ አቀፋት። መሰላሉን ወጣና ጥቁሮቹን ቀለበቶች ከቀዮቹ በላይ፣ ጠብታዎቹ የሚሰበሰቡበት ቦታ ላይ አንድ ስንዝር ያህል ደረደራቸው። እታች መለያየት ነበር የሚፈለገው፤ እዚህ ላይ የሚፈለገው መገናኘት ነው። አረፋው ጥቁሮቹን እንደነካ ጠብታው ሁሉ ተንጣለለ፣ ተያያዘ፣ አንድ ዘይት ሆነ፤ ውሃው ወደ ታች ተመለሰ። ከላይ የተቀዳው ዘይት እሷ እንዳጠበችው ጠርሙስ የጠራ ነበር።

ዓርብ ሄለን መጣች። አሸተተች፤ አላሳላትም። እንደገና አሸተተች፣ ጠርሙሱን ወደ ፀሐይ አንስታ አየች፣ የሚፈረመውን ፈረመች። አቶ ተክለጻድቅ ኪሳቸው ውስጥ የቆየውን ፖስታ አውጥተው ሁለት ቦታ፣ አራት ቦታ ቀደዱትና በርሜሉ ሥር ካለው እሳት ከተቱት። ፀዳለ በር አጠገብ ጠርሙስ እየጠረገች አየቻቸው። እንባዋ መጣ፤ የባሕር ዛፉ ነው ልትል አሰበችና ተወችው።

ሄለን ልትወጣ ስትል ቀጭኔ ጋ ቆመች። ቀና ብላ ቀዮቹንና ጥቁሮቹን አስተዋለች፤ ላይኞቹ ለምን ጠቆሩ ብላ ጠየቀች፣ ገመዳም አስረዳት። ሄለን ተገርማ እንዲህ ያለ ነገር የሠራው ማን እንደሆነ ጠየቀችው። ገመዳ ዞር ብሎ ወደ በሩ አየ። አቶ ተክለጻድቅም ወደዚያው አዩ።

ፀዳለ ጠርሙሱን አስቀመጠች፣ እጇን በሽርጧ ጠረገች።

«እኔ ነኝ» አለች።